40 ዶላር እንዴት 215 ሆነ? የጂም ቅጣትና የኮሌክሽን ደብዳቤ

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ባለፈው ኖቬምበር ቤቴ አጠገብ ካለ ጂም ጋር የአንድ ዓመት ውል ፈረምኩ። ክፍያው በወር 40 ዶላር ሲሆን ወር በገባ ቁጥር ከባንክ ካርዴ ይወስዳሉ። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ባንኩ ካርዴን ቀየረልኝና የማርች ክፍያ ሳያልፍ ቀረ። ማንም አልነገረኝም። ያወቅሁት ኤፕሪል 2 ስሄድ መግቢያው አላስገባ ሲለኝ ነው። እዚያው ቆሜ አዲሱን ካርድ ሰጠሁ፤ ልጅቷም ‹ተስተካክሏል› አለችኝ። ኤፕሪልና ሜይ ላይ 40፣ 40 ወሰዱ። ጁን ላይ ግን 90 ወሰዱ። አሁን በጁላይ ከኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ) ድርጅት ደብዳቤ መጣልኝ። 215 ዶላር ይላል፦ የማርች 40፣ የአራት ወር የመዘግየት ቅጣት በ25 ዶላር ሒሳብ 100፣ የ‹ማስተናገጃ› 75። ጓደኛዬ ‹የባንክ አካውንትሽን ዝጊው› ትለኛለች፤ ወንድሜ ‹ክሬዲትሽ ሳይበላሽ ከፍለሽ ተገላገይ› ይለኛል። የቱን ላድርግ?»

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ ሁለቱም ለእርስዎ አስበው ነው፤ ግን ሁለቱንም ምክር አይከተሉ። 215 ዶላሩን አይክፈሉ፣ አካውንትዎንም አይዝጉ። የጻፉልን ሁሉ እንዳለ ከሆነ የቀረብዎት ዕዳ 5 ዶላር ነው። ከውልዎ ላይ አንድ ነገር ከተገኘ 55 ሊሆን ይችላል፤ እሱን ከታች እንነግርዎታለን። ስሌቱን ረጋ ብለው ይመልከቱት፤ የሚጽፉት ደብዳቤ ጉልበቱ እሱ ነውና።

መጀመሪያ ስለ ቅጣቱ። የሜሪላንድ የንግድ ሕግ በክፍል 14-1315 ለግልና ለቤተሰብ አገልግሎት በሚገባ ውል ላይ የመዘግየት ቅጣት ጣሪያ አበጅቷል። ጣሪያው በወር 5 ዶላር ወይም ከዘገየው ክፍያ 10 በመቶ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ለአንድ የዘገየ ክፍያ ደግሞ ቢበዛ ሦስት ወር ብቻ ነው የሚቀጣው፤ ክፍያው ዓመት ቢቆይም አራተኛ ወር የለም። የእርስዎ የዘገየ ክፍያ አንድ ነው፣ የማርች 40 ዶላር። 10 በመቶው 4 ዶላር ስለሆነ የሚበልጠው 5 ነው። 5 በሦስት ወር 15 ይሆናል። ስለዚህ 100 ዶላር ያሉት ቅጣት በሕግ ከ15 ማለፍ አይችልም። ውሉ ላይ «25 ዶላር» ተብሎ ተጽፎ እርስዎ ፈርመውበት ከሆነስ? የተፈረመ ውል የሕጉን ጣሪያ አያነሳም፤ ሕጉ የወጣው እንዲህ ያለውን የውል አንቀጽ ለመገደብ ነው። ተቃራኒውንም ይወቁት፦ ውሉ ስለ ቅጣት ምንም ካላለ 5 ዶላሩንም የሚጠይቁበት መሠረት የላቸውም።

አንዳንድ ጂም «ይህ የመዘግየት ቅጣት አይደለም፣ ካርድ ሲመለስ የሚከፈል ነው» ይላል። የእርስዎ ካርድ የተመለሰው አንድ ጊዜ፣ በማርች ነው። ኤፕሪል፣ ሜይና ጁን ላይ ካርዱ ሠርቷል። በእነዚያ ወራት የተጨመረው 25፣ 25 ዶላር የማርች ሒሳብ ስላልተከፈለ የተጫነ ነውና ስሙን ቢቀይሩትም የመዘግየት ቅጣት ነው። ይህን ደብዳቤው ላይ ያስገቡት።

አንድ ወር ብቻ ዘግይቶ ቅጣቱ በየወሩ የሚጨመረው ለምን እንደሆነ ሊገርምዎት ይችላል። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ሠራተኛ አዲስ ካርድ ሲያስገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚለውጠው የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ነው። ያለፈውን ወር እንደገና ማስከፈል ለብቻው የሚታዘዝ ነገር ነው። ሳይታዘዝ ሲቀር የማርቹ ሒሳብ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል፤ ማሽኑም ወር በገባ ቁጥር ያንኑ ክፍት ሒሳብ እያየ ቅጣት ይጨምራል። ስለዚህ ካርድ በቀየራችሁ ጊዜ «አዲሱን አስገቡልኝ» ብቻ ብላችሁ አትውጡ፤ «ያለፈውን አሁኑኑ አስከፍሉና ደረሰኝ ስጡኝ» በሉ።

አሁን ወደ ጁን እንምጣ። ያ ትርፍ 50 ዶላር ምን ነበር? ውልዎን አውጥተው «ዓመታዊ ክፍያ» ወይም «የጥገና ክፍያ» የሚል መስመር ይፈልጉ፤ ብዙ ጂሞች በዓመት አንድ ቀን ለይተው ከወርሃዊው ላይ እንዲህ ያለ ክፍያ ይወስዳሉ። ቀኑ ጁን 1 ተብሎ ከተጻፈ 50ው የዚያ ነው፤ ከቅጣቱ ጋር ግንኙነት የለውም። ያን ጊዜ ያለብዎት የማርች 40 እና ቅጣቱ 15፣ በድምሩ 55 ይሆናል። እንዲህ ያለ መስመር ከሌለ ግን 50 ዶላሩ ለማርች ሒሳብ አስቀድሞ የተወሰደ ገንዘብ ነው። 55 ሲቀነስ 50፣ የቀረው 5 ዶላር ነው። የኮሌክሽኑ ደብዳቤ ይህን 50 ተቀናሽ አድርጎ ካላሳየ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ሁለተኛ እየጠየቁዎት ነው።

የፌዴራሉ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግም እዚህ ላይ ይጠቅማል። በየወሩ ከአካውንትዎ እንዲወስድ የፈቀዱለት ድርጅት ከባለፈው የተለየ መጠን ሊወስድ ሲል ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መጠኑንና ቀኑን በጽሑፍ ሊያሳውቅዎ ይገባል። ከዚህ የተለየ ነገር የሚፈቀደው መጠኑ ከምን እስከ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድመው ተስማምተው ከሆነ ነው። 40 የነበረው 90 ሲሆን ማስታወቂያ ካልደረሰዎት ስሕተቱን ለባንክዎ ማመልከት ይችላሉ፤ ጊዜው ዝውውሩ ያለበት ስቴትመንት ከተላከ ጀምሮ 60 ቀን ነው። ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት። ካልጨረሰ ገንዘቡን ለጊዜው መልሶልዎ እስከ 45 ቀን ማጣራቱን ይቀጥላል። ሁለቱን መንገድ ግን አብረው አይጠቀሙ። 50ውን ባንኩ እንዲመልስልዎ ካደረጉ ከማርች ዕዳ ላይ ሊቀንሱት አይችሉም፤ ዕዳው ተመልሶ 55 ይሆናል። በእኛ ግምት ለእርስዎ የሚሻለው 50ውን እዚያው ትቶ ከዕዳው ማቀናነስ ነው። ባንክ ጋር ከሄዱ ጂሙ አዲስ ሙግት ያገኛል፣ ጉዳዩም ይረዝማል።

የ75 ዶላሩ «ማስተናገጃ» ሌላ ጉዳይ ነው። በ1977 የወጣው የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ኮሌክሽን ድርጅት በውሉ በግልጽ ያልተፈቀደ ወይም ሕግ ያልፈቀደው አንድም ዶላር እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ስለዚህ ውልዎ ላይ «ዕዳው ወደ ኮሌክሽን ከተላከ ወጪውን አባሉ ይከፍላል» የሚል አንቀጽ አለ ወይ? ከሌለ 75ቱ አለቀለት። ካለም በምን እንደወጣ በዝርዝር እንዲያሳዩ ይጠይቁ። ራሱ የተጋነነን ዕዳ ለመሰብሰብ 75 ዶላር አወጣሁ የሚል ድርጅት ወጪውን ለማስረዳት ይቸገራል።

ከዚህ በኋላ ጊዜ ወሳኝ ነው። የኮሌክሽኑን ደብዳቤ ከነፖስታው ያስቀምጡ፤ የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ይጻፉ። ደብዳቤው ከደረሰዎት ጀምሮ ዕዳውን በጽሑፍ ለመቃወም 30 ቀን አለዎት። ከኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ በሚሠራው ደንብ መሠረት የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ መታተም አለበት፤ ይፈልጉት። እዚያው ላይ ዕዳው ከአንድ የተወሰነ ቀን ጀምሮ በወለድ፣ በክፍያና በተቀናሽ እንዴት እዚህ እንደደረሰ የሚያሳይ ሠንጠረዥም መኖር አለበት። ተቀናሽ የሚለው መስመር ዜሮ ከሆነ በእስክሪብቶ ይክበቡት፤ የጁን ስቴትመንትዎ የሚመታው እሱን ነው። አብዛኞቹ ደብዳቤዎች ከታች የሚቀደድ ቅጽ አላቸው፦ «ዕዳው የእኔ አይደለም»፣ «መጠኑ ትክክል አይደለም»፣ «ሌላ» ይላል። እርስዎ የሚመርጡት «መጠኑ ትክክል አይደለም» የሚለውን ነው። «የእኔ አይደለም» የሚለውን እንዳይነኩ፤ የማርቹ ክፍያ የእርስዎ ነውና በኋላ ቃልዎን ያሳጣዎታል።

በስልክ ብቻ መቃወም አይበቃም። ድርጅቱ ማረጋገጫ እስኪልክልዎ ድረስ ማስከፈሉን እንዲያቆም የሚያስገድደው በጽሑፍ የተላከ ተቃውሞ ነው። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ይጻፉት፤ ቋንቋው አያሳስብዎት፣ አጭርና ቁጥር ያለው ከሆነ ይበቃል። የመለያ ቁጥሩን ከላይ ያድርጉ። ከዚያ፦ የ215 ዶላሩን መጠን እቃወማለሁ፤ የማርች 40 ዶላር ያልተከፈለው ካርድ በመቀየሩ ነው፤ ኤፕሪል 2 አዲስ ካርድ ሰጥቻለሁ፤ በክፍል 14-1315 ቅጣቱ ከ15 አያልፍም፤ ጁን 1 ላይ ከወርሃዊው በላይ 50 ተወስዷል፤ ስለዚህ የምቀበለው ቀሪ 5 ዶላር ነው፤ የውሉን ቅጂና ከማርች ጀምሮ ያለውን የሒሳብ ዝርዝር ላኩልኝ፤ 75 ዶላሩ በየትኛው የውል አንቀጽ እንደተጠየቀ ንገሩኝ። ስሜት የሚገልጽ ቃል አይጨምሩ። ተመሳሳይ ደብዳቤ ለጂሙ ሥራ አስኪያጅም ይላኩ፤ ዕዳውን ከኮሌክሽን መልሶ መሳብ የሚችለው እሱ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ሁለቱንም በፖስታ ቤት በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ከሪተርን ሪሲት ጋር ይላኩ። ተቀባዩ ፈርሞ የሚመለሰው ካርድ ቀኑን ይመሰክርልዎታል። ከደብዳቤው ጋር የማርች፣ የኤፕሪል፣ የሜይና የጁን ስቴትመንት ቅጂ ያያይዙ፤ ዋናውን አይላኩ፣ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኙትን መስመሮችም በጥቁር ይሸፍኑ። 5 ዶላሩን በመኒ ኦርደር አድርገው ለኮሌክሽኑ ከሚሄደው ጋር ይላኩ፣ ቁራጩን ያስቀሩ። በቼክ ከከፈሉ የአካውንት ቁጥርዎን ለኮሌክሽኑ ሰጡ ማለት ነው፤ በስልክም ካርድ ወይም አካውንት አይስጡ። ያለብዎትን ያህል መክፈልዎ በኋላ «አልከፍልም አለች» እንዳይባል ይረዳል። 50ው ዓመታዊ ክፍያ ሆኖ ከተገኘ የሚልኩት 55 ነው።

እስከዚያው ስልክ ሊደወልልዎ ይችላል። እርስዎ ሌሊት ሠርተው ቀን ይተኛሉ። ሕጉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊትና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መደወልን ይከለክላል፤ ከዚህም በላይ ለእርስዎ የማይመች መሆኑን ባሳወቁበት ሰዓት መደወል አይችሉም። ስለዚህ «የሌሊት ሠራተኛ ነኝ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት አትደውሉልኝ፣ ሥራ ቦታዬም አትደውሉ» ብለው እዚያው ደብዳቤ ላይ ይጻፉ። በሰባት ቀን ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ መደወልም እንደ ማዋከብ ይቆጠራል። የተደወለበትን ቀንና ሰዓት ይመዝግቡ፣ ግን ንግግሩን በስውር እንዳይቀዱ፤ በሜሪላንድ የሁሉም ተናጋሪዎች ፈቃድ ሳይኖር የስልክ ንግግር መቅዳት ወንጀል ነው። ብዙ ሰው ማስረጃ ያገኘ መስሎት እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ወንድምዎ ስለ ክሬዲት ያነሱት ስጋት እውነት አለው። ኮሌክሽን አንዴ የክሬዲት ሪፖርትዎ (የዕዳ አከፋፈል መዝገብዎ) ላይ ከገባ እስከ ሰባት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ቢከፈልም በራሱ አይጠፋም። ስለዚህ በችኮላ 215 መክፈል ሁልጊዜ መዝገቡን አያጸዳም። ድርጅቱ መጀመሪያ እርስዎን ሳያገኝና የተወሰነ ጊዜ ሳይጠብቅ ለክሬዲት ቢሮ ማስተላለፍ አይችልም፤ የተቃወሙት ዕዳ ከሆነ ደግሞ «ክርክር ያለበት» ብሎ መዝግቦ ነው የሚያስተላልፈው። የሦስቱን ቢሮዎች፣ የኢኩዊፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት አንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይቻላል። በሚቀጥሉት ሦስት ወራት በወር አንዴ ይመልከቱ። ገብቶ ካገኙት ለዚያው ቢሮ ተቃውሞ ያስገቡ፣ የሰርቲፋይድ ሜይሉን ካርድና ስቴትመንቶቹን አያይዙ፤ ቢሮው በመደበኛው 30 ቀን ውስጥ የማጣራት ግዴታ አለበት።

ጂሙም ኮሌክሽኑም ዝም ካሉ ወይም «ክፈዪ» ብቻ ካሉ የሚሄዱበት ቦታ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ በሞንጎመሪ ካውንቲ ስለሆነ ሮክቪል ያለው የካውንቲው የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አቤቱታዎን ይቀበላል፤ አማርኛ በካውንቲው ውስጥ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነውና አስተርጓሚ ለመጠየቅ አያፍሩ። ሁለተኛው የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ለጂም ጉዳይ በተለይ ይጠቅማል፤ በሜሪላንድ የሚሠሩ ጂሞች የሚመዘገቡት እዚያ ነውና። የእርስዎ ጂም መመዝገቡን ይጠይቁ፤ ሳይመዘገብ የሚሠራ ከሆነ ያ ብቻውን ጥሰት ነው። ኮሌክሽን ድርጅቱም በሜሪላንድ ለመሥራት የግዛቱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ የምትኖሩ አንባቢዎች ግን ይህን የ5 ዶላር ስሌት አትጠቀሙበት፤ የሜሪላንድ ሕግ ነው። እናንተ ዘንድ ጂሞችን የሚመዘግበው የግዛቱ የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እናርም። በ2024 «በአንድ ክሊክ ከጂም መውጣት ሕግ ሆነ» የሚል ወሬ በየቲክቶኩ ዞሮ ነበር። ያ የፌዴራል ደንብ ሥራ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይውል በጁላይ 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሽሮታል። ደብዳቤዎ ላይ እንዳይጠቅሱት።

የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለዚህ ያህል ገንዘብ መክሰስ የተለመደ ባይሆንም ከመጣ ችላ አይበሉት። የሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት እስከ 5,000 ዶላር ያለውን በአነስተኛ ክስ ያያል። ክሱ ከተሰጠዎት በኋላ እከራከራለሁ የሚለውን ወረቀት ለመመለስ ግዛቱ ውስጥ ላለ ሰው 15 ቀን ነው የተፈቀደው። ካልመለሱ የ215ቱ ስሌት ሳይመረመር ሊፈረድብዎ ይችላል። አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቀርባል።

ጓደኛዎ ስላሉት አካውንት መዝጋት፦ ባንክ መዝጋት ውል አይዘጋም። ውልዎ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ይሠራል። አካውንቱን ቢዘጉ የኦገስት፣ የሴፕቴምበርና የኦክቶበር ክፍያም አያልፍም። እያንዳንዱ የራሱ 5፣ 5 ዶላር ቅጣት ይኖረዋል፤ እስካሁን የጂሙ የነበረው ጥፋትም የእርስዎ ይሆናል። ጂሙ እንደገና ከ40 በላይ እንዳይወስድ ከሰጉ የሚቀለው መንገድ አለ። ከሚቀጥለው ክፍያ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀደም ብለው ባንክዎን ያንን አንድ ክፍያ እንዲያቆም ይዘዙ፤ በቃል ካዘዙ ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ሊጠይቅ ይችላል፣ ክፍያም ሊያስከፍል ይችላልና ቀድመው ይጠይቁ። ከዚያ 40 ዶላሩን በጊዜው በመኒ ኦርደር ጂሙ ድረስ ወስደው ደረሰኝ ይቀበሉ።

ኦክቶበር ሲያልቅ መውጣት ከፈለጉ ውሉ በራሱ የሚታደስ መሆኑንና ስንት ቀን ቀድሞ ማስታወቅ እንደሚጠይቅ ያንብቡ። 30 ቀን የሚል የተለመደ ነው፤ እርስዎ ግን ኦገስት መጨረሻ ላይ በሰርቲፋይድ ሜይል ቢልኩት ለክርክር ቦታ አይተርፍም። ሪሴፕሽን ላይ በቃል ነግረው አይመለሱ። የመጨረሻው ክፍያ ካለፈ በኋላ ሒሳብዎ ዜሮ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከጂሙም ከኮሌክሽኑም ይጠይቁ፣ ከስቴትመንቶቹም ጋር ያኑሩት። በሜሪላንድ እንዲህ ያለ የውል ዕዳ ለመክሰስ ያለው ጊዜ በአጠቃላይ ሦስት ዓመት ነው፤ ወረቀቶቹን ቢያንስ እስከዚያ አይጣሉ።